በግጭት ጊዜ የመንግሥት ዋና የሕግ አማካሪ ድርሻ

ሐምሌ 2015 ዓ.ም መገባደጃ ላይ የአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድር የነበሩት ዶክተር ይልቃል ከፋለ፣ በክልሉ የተከሰተውን የጸጥታ ችግር በመደበኛው የሕግ ማስከበር ሥርዓት መቆጣጠር አዳጋች መሆኑን ገልጸው የፌዴራሉ መንግሥት እርምጃ እንዲወስድ በደብዳቤ መጠየቃቸው ይታወሳል። ደብረ ማርቆስን ጨምሮ በርካታ የክልሉ ከተሞች በግጭት በታመሱበት በዚያ ሰሞን፣ ሐምሌ 28 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 6/2015ን ደነገገ።

ክልሉ አዋጁን በራሱ ሥልጣን ያላወጣበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የክልል መስተዳድር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ የሚችለው የተፈጥሮ አደጋ ሲያጋጥም ወይም የሕዝብን ጤንነት የሚጎዳ በሽታ ሲከሰት ብቻ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ የጸጥታ መደፍረስ ሲገጥመው ግን በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 14 የመከላከያ ኃይል እንዲሰማራለት መጠየቅ ይችላል። እነዚህ ሁለት መንገዶች ብዙ ጊዜ ሲምታቱ ይታያል። ሠራዊት በመሰማራቱ ብቻ የታገደ መብት የለም፤ መብት የሚገደበው በአዋጅ ነው። ይህን ልዩነት ከፊርማው በኋላ ሳይሆን ከፊርማው በፊት ለውሳኔ ሰጪው ማስረዳት የሕግ አማካሪው ተቀዳሚ ተግባር ነው።

በፌዴራል ደረጃ ይህ ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 943/2008 ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የተሰጠ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተሸጋግሯል። መሥሪያ ቤቱ መንግሥትን ያማክራል፣ ተጠርጣሪንም ይከሳል። ሁለቱ ሥራዎች በሰላም ጊዜ እምብዛም አይጋጩም፤ በግጭት ጊዜ ግን የከሳሹ ድምፅ የአማካሪውን ሊውጥ ይችላል።

ለምክር ሰፊ ቦታ የሚሰጠው የመብቶች ዝርዝር ነው። አንቀጽ 93 በምንም ሁኔታ አይነኩም ብሎ ከዘረዘራቸው መካከል ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብትን የያዘው አንቀጽ 25 ይገኛሉ። በሕይወት የመኖር መብት በዝርዝሩ የለም። ዝርዝሩን ብቻ ያነበበ አማካሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን ይህን መብት በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይነካ አድርጎታል፤ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቁ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን ደንግጓል።

እንዲህ ያለው ኃላፊነት ቀላል እንዳልሆነ ክልሉ በመራራ መንገድ ያውቀዋል። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም ባሕር ዳር ላይ በተፈጸመው ጥቃት ከቆሰሉት አንዱ የክልሉ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አቶ ምግባሩ ከበደ ሲሆኑ፣ በኋላም ሕይወታቸው አልፏል።

የ2015ቱ አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነሐሴ 8 ቀን ጸድቆ፣ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም ለ4 ወራት ተራዝሞ፣ ግንቦት 2016 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ጊዜው አበቃ። ግጭቱ ግን ከአዋጁ ጋር አላበቃም። ከዚያ ወዲህ የአማካሪው ሥራ ይበልጥ ከብዷል ማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም አዋጁ ሲያበቃ አንቀጽ 19 ወደ ሙሉ ኃይሉ ተመልሷል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ የማይቆጠረው ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚጠይቀው ጊዜ ብቻ ነው። መንገድ በሚዘጋባቸው የጎጃም ደጋማ ወረዳዎች "አግባብ ያለው ግምት" ስንት ሰዓት፣ ስንት ቀን ነው? ይህን ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ ያለበት የዞንና የወረዳ የፍትሕ ባለሙያ እንጂ ያሰረው አካል አይደለም።