ሁለት የድንች መደብ ለሙሽሪት

ልጅ የምትድሩ ወላጆች አብዝታችሁ የምትጠይቁኝ ስለ ወጪ ነው። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ በሬውና ስለ ጠላው ብዙ ብለናል፤ ዛሬ ስለ አበባ ላውጋችሁ። «አበባ ደግሞ ወጪ ሆነ እንዴ?» የምትሉ አያቶች አትጠፉም። ሆኗል። አምና ልጄን ስድር፣ አበባውን ከባሕር ዳር እናስመጣ ብለን ብንጠይቅ የተነገረን ዋጋ ሁለት ሙክት ይገዛል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጭኖ መጥቶ በማግስቱ ለሚጣል! የፕላስቲኩ በኪራይ አለ ቢሉንም ልጄ እንቢ አለች። «እማዬ፣ በመስከረም፣ ደብረ ታቦር ላይ፣ የፕላስቲክ አበባ?» እውነቷን ነው።

እኛ አገር ልጅ የሚዳረው በጥር ወይም ከፋሲካ በኋላ ነው። መስከረም ጎተራው የሚጎድልበት፣ መንገዱም ጭቃ የሆነበት ወር ነው። ግን የሙሽራው የሥራ ፈቃድ ያኔ ሆነና ቀን መቁረጥ ያዝን። አማቴ ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ከመስቀል በፊት እንግዳው ከዓመት በዓል ወጪ አላገገመም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ ወርኃ ጽጌ ነው፤ ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም በእኛ ቤት ይጾማል። አበባው በሚደምቅበት ወር ሥጋ አይቆረጥም ማለት ነው። የቀረችን በመካከል ያለችው እሑድ ነበረች።

ግንቦት ላይ ባለቤቴን ከጓሮው ሁለት መደብ ስጠኝ አልኩት። ጓሮው ሁሌም የድንች ነው። «አበባ ይበላል?» አለኝ። ሦስት ቀን ተኮራረፍን። በአራተኛው ቀን አካፋውን ይዞ ወጣ።

ጎረቤቴ የዳሊያ ሥር ሰጥታኝ ነበር፤ ስኳር ድንች ይመስላል። ዳሊያ የሜክሲኮ ደጋ ተወላጅ፣ የአገሩም ብሔራዊ አበባ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት ስለሚወድ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ከተማችን ትስማማዋለች። የማይወደው የቆመ ውኃ ነው፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጎ ቦይ ማውጣት ግድ ነው። (ባለቤቴ ለድንቹ ከሚያደርገው አሳምሮ ነው የሠራው፤ ይህችን የጻፍኩት እንዲያነባት ነው።) አራት አምስት ጥንድ ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ይቀጠፋል። እጅ ያሳሳል፤ ግን ያልተቀጠፈው አንድ ዘንግ ሆኖ ሽቅብ ይወጣል፣ የተቀጠፈው ቅርንጫፍ ያበዛል። ከዚያ የባሕር ዛፍ እንጨት አቁሞ ማሰር ነው።

አደይ አበባን አልዘራሁም፤ ከአጥሩ ሥር የበቀለውን እንዳታርሙብኝ ብዬ ለቤቱ ሁሉ ተናገርኩ እንጂ። ሐምሌ ላይ ገና ቡቃያ ሳለ አረም ይመስላል። አማቴ ደግሞ አረም አይተው ማለፍ አይችሉም። አንድ ጠዋት ስነሳ ግማሹን አጽድተው እጃቸውን ሲታጠቡ አገኘኋቸው። ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

የባሰው ከቡሄ በኋላ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከጉና በኩል የመጣ ደመና ሩብ ሰዓት ያህል በረዶ አወረደ። እምቡጥ ይዞ የነበረው ዳሊያ ተሰባብሮ መሬት ላይ ተኛ። ልጄ አላለቀሰችም፤ ወጥ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለአበባው ብቻ አይመስለኝም። የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ከእሷ በኋላ በቤቱ የምንቀረው ሦስት ትልልቅ ሰዎች ነን።

በማግስቱ ባለቤቴ ምንም ሳይናገር የተሰበረውን ሁሉ ከአንጓው በላይ በስለት ቆረጠው። ዳሊያ ከአንጓው ጎን መልሶ ያቆጠቁጣል፤ እስኪያብብ ግን አምስት ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። የቀረን አምስት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነበር።

ለሠርጉ የደረሰው ሃያ ሦስት ራስ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ለሙሽሪት እቅፍና ለሙሽሮቹ ጠረጴዛ በቃ። ሌላውን የሞሉልን ለእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ ሲሉ የነበሩት የሰፈሩ ልጃገረዶች ናቸው። አደይ በየትኛው ሜዳ እንደሚበዛ እንደ እነሱ የሚያውቅ የለም። ደመወዛቸው ድፎ ዳቦ ሆነ።

ለምትሞክሩ፣ የአቆራረጡ ነገር እንዲህ ነው። አደይ ቶሎ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ በዋዜማው ሳይሆን በዕለቱ ጎሕ ሲቀድ ተቆርጦ ወዲያው ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ ይግባ። ውኃ የሚነካው ቅጠል ሁሉ ይራገፍ፤ አለዚያ ውኃውን ያበላሸዋል። ዳሊያ በዋዜማው ማታ ሊቆረጥ ይችላል፤ ግን እንደ ጽጌረዳ በእምቡጡ ከተቆረጠ አይፈነዳም፣ ከሞላ ጎደል እስኪከፈት ጠብቁት። ለአረንጓዴው አሪቲና በሶብላ ጨመርንበት። ጤና አዳምም ያምራል፤ ነገር ግን ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊቃጠልና ውኃ ሊቋጥር ይችላል። በሙሽሪት እቅፍ ውስጥም ሆነ በሕፃናት እጅ አታድርጉት።

ኅዳር ላይ ውርጩ የዳሊያውን ቅጠል ሲያጠቁረው ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለች፤ ሥር ላኪልኝ አለች። ሥሩ ሲከፈል እያንዳንዱ ክፋይ ከአሮጌው ግንድ ጋር የተያያዘ ዓይን ሊኖረው ይገባል፤ ዓይን የሌለው ምንም ቢወፍር አይበቅልም። ባለቤቴ አራት መርጦ በደረቅ አፈር ሸፍኖ በካርቶን ላከላት። ሁለቱ መደብ ግን ዘንድሮ ለድንች ነው ብሏል። እናያለን።