የጫማ መደብር ሻጭና የጎደለ ዕቃ ዕዳ

ሰላ ድንጋይ በሞጃና ወደራ ወረዳ የምትገኝ፣ ብርድ የሚበረታባት የደጋ ከተማ ናት። የዚያ አገር ገበሬ ጫማ ለመግዛት ወደ ደብረ ብርሃን በሄደ ጊዜ በቀለም ማማር ብቻ አይደለልም። የክረምቱን ጭቃና የኅዳርን ውርጭ ስለሚያውቅ ሶሉን አጥፎ ያያል፤ ስፌቱን ይመረምራል፤ አንዱን ቁጥር ለክቶ ሌላውን ያስመጣል። እንዲህ ያለውን ገዢ አስደስቶ የሚሸኝ ሻጭ ለድካሙ ተገቢውን ፍርድ ያገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጫማ መደብር ሥራ ከውጭ ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሻጩ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል፤ በገዢው እግር ሥር ደጋግሞ ይንበረከካል፤ ሦስትና አራት ካርቶን ተሸክሞ ያመጣል። ገዢው ሳይገዛ ቢወጣም ፊቱን ሳያጠቁር እያንዳንዱን ጫማ ከጥንዱ ጋር አገናኝቶ ወደየካርቶኑ ይመልሳል። በዘመን መለወጫ፣ በገናና በፋሲካ ሰሞን ሕዝቡ ሲበዛበት ሥራው እጥፍ ይሆናል፤ ስሕተትም የሚበዛው በዚያን ጊዜ ነው።

ችግሩ የሚገለጠው በቆጠራ ቀን ነው። አንድ ጥንድ ጎድሎ፣ ወይም ቀኙ 41 ግራው 42 ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ሳይመረምሩ ሙሉውን የመሸጫ ዋጋ ከሻጩ ደመወዝ ይቆርጣሉ። የመሸጫ ዋጋ ትርፍን የጨመረ ስለ ሆነ፣ አሠሪው ከጠፋው ዕቃ እንኳ ሳይቀር ያተርፋል ማለት ነው። ሠራተኛው ግን ከትርፉ ሳይካፈል የኪሳራው ብቻ ተካፋይ ይሆናል።

በ1956 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 210 የአሠሪንና የሠራተኛን ግንኙነት ከደነገገ ወዲህ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 እንደሚያዝዘው፣ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቁረጥ የተከለከለ ነው። የሚፈቀደውም ቅነሳ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ለምሳሌ በወር 6,000 ብር ከሚከፈለው ሻጭ ላይ ከ2,000 ብር በላይ ሊቆረጥ አይችልም።

አሠሪው «ኀላፊነት ከሌለ ዕቃዬን ማን ይጠብቅልኛል?» ቢል ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በመደርደሪያው ላይ ያለው ጫማ ሁሉ ገንዘቡ ነው። ይሁን እንጂ ዕዳ የሚፈራ ሻጭ ዐይኑ በገዢው እግር ላይ መሆኑ ቀርቶ በገዢው እጅ ላይ ይውላል። ከሰላ ድንጋይ የመጣው ገበሬ ሁለተኛ ቁጥር ባስመጣ ጊዜ በጥርጣሬ ይታያል፤ እርሱም ቅር ብሎት ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ይሻገራል። አሠሪው ከሻጩ ደመወዝ የአንድ ጫማ ዋጋ ሲያስመልስ ደንበኛውን ያጣል።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ዕቃው በጽሑፍ ርክክብ ይሰጥ፤ ለዕይታ የሚቀመጠው አንድ እግር ብቻ ይሁን፤ ቆጠራውም ዓመት ሳይጠበቅ በየሳምንቱ ሻጩ ባለበት ይደረግ። ጉድለት በተገኘ ጊዜ ምክንያቱ አስቀድሞ ይመርመር፤ ዕዳውም በጥፋተኛው ላይ ብቻ፣ በሕጉ ልክ ይወሰን። አንድ እግር ጫማ የሚገዛ ሰው የለም፤ የንግድ ቤትም በአሠሪው ጥቅም ብቻ ሩቅ አይራመድም።