ሰርተፊኬቱ ላይ ያለችው ‹‹ኤ››

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፈልጎ የሚያውቅ ሰው ‹‹የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት›› የምትለዋን መስመር ፍለጋ ስንት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደቆመ አይረሳም። ሌላው ሁሉ ‹‹2 ዓመትና ከዚያ በላይ›› ነው። ልምድ ለማግኘት ሥራ ያስፈልጋል፤ ሥራ ለማግኘት ደግሞ ልምድ። አሜሪካ ሲገባ ይሄ ጣጣ እዚያው ቦሌ ኤርፖርት የሚቀር ይመስላል። አይቀርም። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖሩ ብዙ የኛ ልጆች በሜዲካል ኮዲንግ በኩል እንደገና ተገናኝተውታል፤ ያውም ዶላር ከፍለው።

‹‹ሜዲካል ኮዲንግ ተማሪ፣ ከቤትሽ ሆነሽ ትሠሪያለሽ፣ ልጅሽንም ታሳድጊያለሽ›› የሚለውን ምክር ያልሰማ ሀበሻ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። ምክሩ ክፋት የለበትም። ችግሩ ግማሹን ብቻ መናገሩ ነው። ሰርተፊኬቱ እንዴት እንደሚገኝ ይነግራል፤ ከሰርተፊኬቱ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ እንዴት እንደሚገኝ ግን ዝም ይላል። እኔም ዛሬ የማወራው ስለዚህኛው ግማሽ ነው።

ሙያውን ለማያውቁት ባጭሩ ልንገር። አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ የሐኪም ማስታወሻ አንብቦ አይከፍልም። በሽታው በአይ.ሲ.ዲ-10፣ የተደረገው ሕክምና ደግሞ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በሚያዘጋጀው ሲ.ፒ.ቲ. አማካይነት ወደ ኮድ መቀየር አለበት። ቀያሪው ኮደሩ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትጠቀምበት አይ.ሲ.ዲ-10 ከ70 ሺህ በላይ የበሽታና የጉዳት ኮዶች አሉት። በዳክዬ ተመትቶ ለመጣ ሰው እንኳ ለብቻው ኮድ ተዘጋጅቶለታል። (አልቀለድኩም!) ኮዱ ከተሳሳተ ኢንሹራንሱ ‹‹አልከፍልም›› ይላል፤ ክሊኒኩም የሠራበትን ገንዘብ ለማስመለስ ሲጻጻፍ ይከርማል።

ብዙ ሰው የሚፈተነው ሲ.ፒ.ሲ. የሚባለውን ነው፤ ፈተናውን የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ኤ.ኤ.ፒ.ሲ. ነው። 100 ጥያቄ፣ 4 ሰዓት፣ ማለፊያው 70 በመቶ። የኮድ መጻሕፍቱን ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ግን ለአንድ ጥያቄ ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይደርስም፤ ስለዚህ የት ገጽ ምን እንዳለ ቀድሞ ያላወቀ ሰው መጽሐፉ አያድነውም። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ቲኬት እየቆረጠ፣ ወይ አረጋውያንን ሲንከባከብ አድሮ ጠዋት እያጠና ይህን ፈተና ያለፈ ሰው ባርኔጣ ሊነሳለት ይገባል። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ያለው ሰርተፊኬቱ ላይ በምትጨመረው አንዲት ፊደል ነው። ፈተናውን ያለፈ ግን በኮዲንግ ሥራ ላይ ልምድ የሌለው ሰው ‹‹ሲ.ፒ.ሲ.›› አይባልም፤ ‹‹ሲ.ፒ.ሲ.-ኤ›› ነው። ‹‹ኤ›› ማለት ተለማማጅ ማለት ነው። እሷን ለማስነሳት የ2 ዓመት የኮዲንግ ልምድ በአሠሪ ደብዳቤ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቢያንስ የ80 ሰዓት የኮዲንግ ትምህርት የወሰደ ሰው ደግሞ የ1 ዓመት ልምድ ይበቃዋል። ድርጅቱ የሚሸጠው ፕራክቲኮድ የተባለ የኮምፒውተር መለማመጃም አለ፤ እሱን የጨረሰ የ1 ዓመት ልምድ እንዳለው ይቆጠርለታል። መለማመጃው እጅን ለማፍታታት ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር አንዘንጋ፦ ተከፍሎበት የተነሳው ‹‹ኤ›› ከሰርተፊኬቱ ላይ ነው የተነሳው። አሠሪው ሪዙሜውን ሲያገላብጥ ‹‹የት ሠራህ?›› የሚለው ጥያቄ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ታዲያ አሠሪዎች ጀማሪን ለምን ይሸሻሉ? ምክንያት የላቸውም ብል ውሸት ነው። የኮድ ስህተት ገንዘብ ያስቀራል። ለሜዲኬርና ለሜዲኬይድ ያልተደረገ ሕክምናን በኮድ ተደረገ ብሎ ማስከፈል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1863 ጀምሮ በቆየው፣ መንግሥትን በሐሰት ማስከፈልን በሚቀጣው ሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። ስለዚህ አዲስ ሰው ሲቀጠር ሥራውን መልሶ የሚያይለት ነባር ሰው ያስፈልጋል፤ የነባሩ ሰዓት ደግሞ ውድ ነው። ከዚያ በላይ፣ ድሮ ጀማሪ እጁን የሚያፍታታበት ቀላል ቀላሉ ሥራ አሁን በከፊል በሶፍትዌር ይሠራል፣ በከፊል ደግሞ ወደ ሕንድና ፊሊፒንስ ይላካል። ከቤት የሚሠራው ሥራ ይበልጥ ይጠባል፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያርመው ሰው ስለሌለ አሠሪው የሚመርጠው ብቻውን መራመድ የሚችለውን ነው። ‹‹ከቤትሽ ሆነሽ ትሠሪያለሽ›› እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የመጀመሪያው ሥራ ሳይሆን የሁለተኛው ወይም የሦስተኛው ነው።

ቢሆንም አሠሪዎቹን ነጻ አላወጣቸውም። ሁሉም ‹‹ሌላው አሠልጥኖ ይስጠኝ›› ካለ አሠልጣኙ ማን ሊሆን ነው? ኮደር አጣን እያሉ በሚያወጡት ማስታወቂያ ላይ የ2 ዓመት ልምድ የሚጠይቁ ድርጅቶች እጥረቱን ራሳቸው እየፈጠሩት ነው። ግን ይሄን ወቀሳ ስለጻፍኩ ነገ ማንም አይቀጥርም። ስለዚህ ወደሚሠራው እንሂድ።

እንደኔ እንደኔ የመጀመሪያው ስህተት ‹‹ኮደር›› የሚል ርዕስ ያለውን ማስታወቂያ ብቻ መፈለግ ነው። የኮዲንግ ጎረቤቶች ብዙ ናቸው። የክሊኒክ እንግዳ መቀበያ፣ የኢንሹራንስ ማረጋገጫ፣ ቅድመ ፈቃድ መጠየቂያ፣ የሕክምና መዝገብ ክፍል፣ የቢሊንግ ቢሮ፣ በተለይ ደግሞ ኢንሹራንስ አልከፍልም ያለውን እየተከታተሉ የሚያስከፍሉበት ክፍል። የመጨረሻው ላይ አንድ ዓመት የሠራ ሰው የትኛው ኮድ ለምን እንደሚጣል በእጁ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲያ ኮደር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚታየው እዚያው ቢሮ ያለው፣ ሰርተፊኬቱ በኪሱ ያለው ሠራተኛ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ አጠገባችን ያለውን አንለፈው። ስንቶቻችን ነን በቤት ለቤት የጤና እንክብካቤ ድርጅቶች የምንሠራው? ሜዲኬር እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ለእነዚህ ድርጅቶች የሚከፍለውን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ የታካሚው ዋና በሽታ ኮድ ነው። ኮዱ ልክ ካልሆነ ክፍያው ይስተጓጎላል። እና የድርጅቱን ታካሚዎች ስታጥብና ስታበላ የኖረች እህት ሰርተፊኬት ስትይዝ ድርጅቱ እሷን ወደ ቢሮ ለማስገባት ከማንም የበለጠ ምክንያት አለው። ግን ካልጠየቀች ማንም አይጠይቃትም። የኛ ሰው በሙያው ያፍራል፤ ሰርተፊኬት መያዙን ለአለቃው የማይናገር ስንት አለ!

ሦስተኛ፣ አገር ቤት ነርስ፣ ጤና መኮንን፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ወይም ሐኪም የነበራችሁ ሰዎች ሪዙሜያችሁ ላይ ያንን አትደብቁ። የኮዲንግ ልምድ ተብሎ ባይቆጠርም፣ የሰውነት ክፍልና የበሽታ ስም አብሯችሁ ያደገ ነው፤ ሌላው ተማሪ በወራት የሚሸመድደው። ‹‹እዚህ አገር አይሠራልኝም›› ብላችሁ የጣላችሁት ነገር ከብዙ አመልካች የሚለያችሁ እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ኤ.ኤ.ፒ.ሲ. በየአካባቢው የአባላት ስብሰባ አለው። እዚያ የሚመጡት በሙያው ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ኃላፊዎችም ይገኙበታል። ከቤት ሆኖ ሦስት መቶ ማመልከቻ በኢንተርኔት ከመላክ ሦስት ስብሰባ ላይ ሄዶ ስምን ማስተዋወቅ ይሻላል። ሰርተፊኬቱን ላለማጣት በየ2 ዓመቱ 36 ነጥብ የሙያ ማሻሻያ ትምህርት መያዝ ግዴታ ስለሆነ፣ ስብሰባው በዚያ በኩልም ያግዛል።

አሁን የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ‹‹ኡበር እየነዳሁ የማገኘው ከእንግዳ መቀበያ ደመወዝ ይበልጣል፤ ሁለት ልጅ አለኝ፤ የቤት ኪራይ አለ፤ አዲስ አበባም ወር ጠብቀው የሚያዩኝ አሉ። ለአንድ ዓመት ዝቅ በል ትለኛለህ?›› ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ‹‹ታገስ›› ብሎ ማለፍ ደግሞ ቀልድ ነው። የኔ መልስ እንዲህ ነው፦ ይሄ ሒሳብ መሠራት ያለበት ከፈተናው በኋላ ሳይሆን ለኮርሱ ከመከፈሉ በፊት ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ኮደሮችን ጨምሮ የሕክምና መዝገብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የነበራቸውን መካከለኛ የዓመት ገቢ 48,780 ዶላር አድርጎ አስቀምጦታል። መካከለኛ ማለት ግማሹ ሰው ከዚያ በታች ያገኛል ማለት ነው፤ ጀማሪው ከየትኛው ግማሽ እንደሚሆን መገመት አያቅትም። በዚህ ሒሳብ የአንድ ዓመት ዝቅታን የማይችል ቤተሰብ ‹‹አይሆነኝም›› ቢል ስንፍና አይደለም። የሚያሳዝነው ይህን ሳይነገረው ለኮርስ፣ ለመጽሐፍ፣ ለፈተናና ለአባልነት ከፍሎ፣ ሰርተፊኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ መኪናው የሚመለሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ለዚህ ነው ኮርስ ለሚሸጡልን፣ በተለይ በቋንቋችን ለሚያስተምሩን ወገኖች አንድ ጥያቄ ያለኝ። ስንት ተማሪ እንዳለፈ በየማስታወቂያው ትነግሩናላችሁ። ደግ። ከአለፉት ውስጥ ስንቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ሥራ ያዘ? ምን ሥራ? በምን ያህል ደመወዝ? የልምምድ ቦታስ ታገናኛላችሁ? ልንመዘገብ ስንመጣ እነዚህን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ድፍረት አይደለም። መልሱን በቁጥር የሚሰጥ አስተማሪ ካለ ገንዘቡ ይገባዋል። ‹‹እሱ በእናንተ ጥረት ይወሰናል›› ብሎ የሚያልፍ ካለ ግን እኛም ማለፍ ነው።

ሥራው ላይ ላላችሁም መልእክት አለኝ። እናንተ የገባችሁት በሰው ነው፤ ቢያንስ አብዛኞቻችሁ። አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛ የጠቆመው ሰው ሪዙሜ ከክምሩ ውስጥ ወጥቶ ይነበባል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለዕቁብ የምንሰባሰብ ሰዎች ለአንድ ልጅ ‹‹እኛ ቢሮ ሰው እየፈለጉ ነው›› ብሎ መደወል እንዴት ያቅተናል? በወር አንድ ቅዳሜ ቡና አፍልቶ አምስት ጀማሪዎችን ቁጭ ማድረግ፣ የማንም ታካሚ መረጃ የሌለበት መለማመጃ አብሮ መሥራት፣ ኢንተርቪው ላይ ምን እንደሚጠየቅ መንገር የሚጠይቀው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ለዚያ ጀማሪ ግን የአንድ ዓመት መንከራተት ሊያተርፍለት ይችላል።

ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ የተቀመጣችሁ ደግሞ ነገ ሰኞ አንድ ነገር አድርጉ፦ የምትሠሩበት ቦታ፣ ወይ የምትታከሙበት ክሊኒክ ቢሊንግ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙን ያዙ። ደውሉለት።

ቸር ይግጠመን።