ፈረሱ የሚለምነው ውሃ ነው

ሚኒሶታ ላይ በረዶው ምድሩን ባለበሰ ቁጥር ከወገኖቼ አንዱ ይደውልልኛል። በመኪና ሲያልፍ ሜዳ ላይ የቆሙ ፈረሶች አይቷል፤ ጀርባቸው ነጭ ሆኗል። «ሰው እንዴት እንዲህ ይጨክናል? ጋጣ የላቸውም ወይ?» ይለኛል። ኑሮዬ ከፈረስ ጋር ስለሆነ መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነው። ለፈረስ የሚያዝን ሰው ሁሌም ደስ ይለኛል፤ ይህ ሐዘን ግን ቦታውን ስቷል ብዬ አምናለሁ። በረዶው ጀርባው ላይ ሳይቀልጥ መቆየቱ ፈረሱ ደህና ለመሆኑ ምልክት ነው። ጸጉሩ የገላውን ሙቀት አግዶ ስለያዘ ነው በረዶው ያልቀለጠው። እኔን የሚያሳስበኝ ከመንገድ የማይታየው ነገር ነው፦ የውሃ ገንዳው።

ያደግሁት አዊ ውስጥ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ የሚነጋበት አገር ነው። አያቴ ማታ ፈረሱን ወደ ቤት የሚያስገቡት ጅብ ፈርተው ነበር፤ ብርድ ፈርተው ሲያስገቡ አይቼ አላውቅም። የሚኒሶታ ብርድ በእርግጥ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1996 ታወር በምትባል የሰሜን ከተማ አቅራቢያ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። የፈረስ ተፈጥሮ ግን እዚህም እዚያም ያው ነው።

ፈረስ ለብርዱ መዘጋጀት የሚጀምረው ገና ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። ሰው በሙቀቱ በሚማረርበት ጊዜ እሱ የቀኑን ብርሃን ተከትሎ ረጅሙንና ወፍራሙን ጸጉር ማብቀል ይጀምራል። ብርዱ ሲጠና ጸጉሩ ይቆማል፤ በጸጉሩ መካከል የሚታገደው አየር ገላውን ያሞቀዋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ለፈረስ ባለቤቶች እንደሚያስተምሩት፣ ሳሳ ያለ የሙቀት ወራት ጸጉር ያለው ፈረስ ብርድ የሚሰማው 5 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሙሉ ጸጉር ያበቀለው ግን ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ምግብ እንኳ አያስፈልገውም። ይህን ጸጉር የሚያሸንፉት ዝናብ፣ ጭቃና ነፋስ ናቸው። ስለዚህ በሦስት ወገን የተከለለ፣ ጣሪያ ያለው ዳስ ይበቃዋል። ብዙዎቹ ፈረሶች ዳሱ እያለላቸው ደጅ መቆም ይመርጣሉ።

ብርዱ ከዜሮ በታች ከ8 ዲግሪ ሲያልፍስ? ድርቆሽ ጨምሩ። ብዙ ሰው ብርድ ሲመጣ አጃና ገብስ ለመጨመር ይሮጣል፤ ለከሳ ፈረስ ጥሩ ነው፣ ሙቀት የሚሰጠው ግን በዋናነት ድርቆሹ ነው። በሰፊው የኋላ አንጀቱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ሕዋሳት ድርቆሹን ሲያብላሉ ሙቀት ይፈጠራል። ድርቆሽ ለፈረስ ማገዶ ነው። ማታ ላይ በርከት አድርጎ የሰጠ ሰው ሌሊቱን ሙሉ አሞቀው ማለት ነው። በሞንጎልያ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 በነበረው የብርድ ወቅት ከ8 ሚሊዮን በላይ እንስሳት አልቀዋል። የዚያ አገር ከብት ብርድ ለምዶ የኖረ ነው፤ ሣሩ ከበረዶ በታች ሲቀበርበትና የሚበላው ሲያጣ ግን ብርዱን የሚቋቋምበት አቅም አጣ። በሩሲያዋ ያኩቲያ ያሉ ፈረሶች ደግሞ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ባለፈ ብርድ ደጅ ያድራሉ፤ በረዶውን በኮቴያቸው እየጫሩ ከሥሩ ያለውን ሣር ይግጣሉ።

አሁን ወደ ገንዳው ልመለስ። 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 40 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። እዚህ በሙቀቱ ወራት ለምለም ሣር ሲግጥ አብዛኛውን ውሃ ከሣሩ ያገኘዋል። ድርቆሽ ግን ደረቅ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ድርቆሽ በሰጠነው ቁጥር ብዙ ውሃ ይሻል። ፈረስ ደግሞ በረዶ የቀላቀለ ውሃ ሲቀርብለት የሚጠጣውን ይቀንሳል። የበላው ደረቅ መኖ አንጀቱ ውስጥ ይጋገራል፣ ቁርጠት ይይዘዋል። ጎኑን ዞሮ እያየ፣ መሬት እየጎደፈረ፣ እየተንከባለለ የሚሰቃይ ፈረስ ያየ ሰው ስለ ውሃ ቸል አይልም።

«በረዶውን ይልሳል እኮ» ይሉኛል። ይልሳል፤ አይበቃውም እንጂ። አሥር ሴንቲሜትር በረዶ ሲቀልጥ በአማካይ ከአንድ ሴንቲሜትር ውሃ አያልፍም፤ ማቅለጫውም የራሱ የፈረሱ ገላ ነው።

እዚህ አብዛኛው ሰው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ገንዳ ይጠቀማል፤ መልካም ነው። ግን ሽቦው ትንሽ ኤሌክትሪክ ካሾለከ ፈረሱ አፍንጫውን ሲያስጠጋ ይነዝረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ገንዳው አይጠጋም። ባለቤቱ ገንዳው ሞልቶ፣ ውሃው ሳይረጋ ሲያገኘው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ፈረሱ ግን ተጠምቶ ያድራል። ስለዚህ ውሃው አለ ብሎ መርካት አይበቃም፤ መጉደሉን ማየት ያስፈልጋል። ፋንድያው ከወትሮው አንሶና ደርቆ ከተገኘም ውሃ እየጠጣ አይደለም።

በር መዝጋትም ሌላው የፍቅር ጉዳት ነው። ባለቤቶች ለፈረሱ አዝነው የጋጣውን በርና መስኮት ይደፍናሉ። ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ፣ የድርቆሹ አቧራና የትንፋሹ እርጥበት እዚያው ታምቆ ሳንባውን ይጎዳል። ሲነጋ ገብታችሁ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ሲተነፍስ ያደረው እሱ መሆኑን አስቡ። ክፈቱለት።

ብርድ ልብስ አያስፈልግም አልልም። ያረጀ፣ የከሳ፣ ጸጉሩ የተሸለተ ወይም ሰሞኑን ከፍሎሪዳ የመጣ ፈረስ ይልበስ። ለጤነኛው ግን ያለ ምክንያት ማልበስ የቆመ ጸጉሩን መጨፍለቅ ነው። ከልብሱም ከጸጉሩም በታች መክሳቱ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1983 ዶን ሄኔክ የተባለ ተመራማሪ ያወጣው ከ1 እስከ 9 የሚደርስ የፈረስ ክሳትና ውፍረት መለኪያ ዓይን ብቻ አይበቃም ይላል፤ በእጅ መዳሰስ አለበት። ጓንታችሁን አውልቁና ጎድኑን ዳስሱ።

ስለ መጋለብም ልናገር። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ያ ቀን እዚህ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 31 ነው፤ ብርዱ በጠናበት ወቅት። የአገሬ ልጆች ይመጡና «ዛሬ ጊዮርጊስ ነው፣ አንዴ ሽምጥ አስጋልበን» ይሉኛል። ናፍቆታቸው ናፍቆቴ ነው፤ ግን እምቢ እላለሁ። ጥልቅ በረዶ ላይ እርምጃ ብቻ እንኳ ፈረሱን ያደክመዋል። በረዶው ኮቴው ውስጥ፣ በተለይ ናል ካለው፣ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ይጠጥርና ሚዛኑን ያሳጣዋል፤ በየመሃሉ ወርዶ መፈልፈል ግድ ነው። ከሁሉ የከፋው ላቡ ነው። ላብ ያረሰው ጸጉር ይተኛል፣ ያ ሁሉ መከላከያ በአንድ ግልቢያ ይጠፋል። ስለዚህ በብርድ ስጋልብ ልጓሙን በእጄ አሙቄ አፉ ውስጥ አስገባለሁ፤ ቀዝቃዛ ብረት የምላሱን ቆዳ ይዞ ይልጣል። ከዚያ በእርምጃ፣ ጥቂት በሶምሶማ፣ ሳያልበው እመልሰዋለሁ። ካላበው በሱፍ ጨርቅ አሽቼ እስኪደርቅ አብሬው እቆያለሁ፤ ለዚህ ጊዜ የሌለው ሰው ያን ቀን ኮርቻውን አያንሳ።

ይህን ሁሉ ለአገር ቤት አንባቢ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። አገሬ ስሄድ በጋሪ መቆሚያዎች በፀሐይ የቆሙ ፈረሶችን አያለሁ። አላፊው ለቁስላቸው ያዝናል፣ ለጅራፉ ይቆጣል፤ ተገቢ ነው። «ዛሬ ውሃ ጠጥቷል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላገኘሁም። በማውቃቸው መቆሚያዎች ገንዳ የለም። የጋሪ መቆሚያ የሚከልል ማዘጋጃ ቤት አንድ ቧንቧና አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ይጨምርበት። ከትልቅ በጀት የሚቆጠር ወጪ አይደለም። ባለጋሪዎችም በየተራ እያጠቡት ንጽሕናውን ይጠብቁ፤ ፈረሱም ከመጫኑ በፊትና ጭነቱ ሲራገፍ እስኪበቃው ይጠጣ።