የፋይል አያያዝም የምርምር ዘዴ ነው

በነቀምቴና በአካባቢዋ ከተሞች የመስክ ጥናት የሚያካሂድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መረጃውን አብዛኛውን ጊዜ በላፕቶፑና በፍላሽ ላይ ያኖራል። ከባኮ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው አኖ ቃለ መጠይቅ ይቀዳል፤ ማታ ወደ ላፕቶፑ ያዛውራል፤ ሲመቸው ደግሞ በፍላሽ ይደግመዋል። ከወራት በኋላ በሁለቱም ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «ትክክለኛው የመጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ይገኛሉ፤ የታረመው የትኛው እንደሆነ ባለቤቱም በእርግጠኝነት መናገር ይሳነዋል። የናሙና አመራረጡን በዝርዝር የሚያብራራ ተመራማሪ የመረጃ አያያዙን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳያነሣ ማለፉ ተገቢ አይደለም። ለዚህ ችግር በጽሑፍ ላይ የተመሠረተ የፋይል ማስተዳደሪያ ቀላልና ወጪ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

መሣሪያው አዲስ አይደለም። ጆን ሶቻ የሠራው ኖርተን ኮማንደር በ1986 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚ ቀረበ፤ ሚጌል ደ ኢካዛ በ1994 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሚድናይት ኮማንደር ያንኑ አሠራር የተከተለ ሲሆን በነጻ ይሰራጫል። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ በግራ የላፕቶፑ፣ በቀኝ የፍላሹ ፎልደር ይታያል። ታብ ከአንዱ ወደ ሌላው ያሻግራል፤ ኤፍ 5 ይገለብጣል፤ ኤፍ 6 ያዛውራል ወይም ስም ይለውጣል። ከፍጥነቱ ይልቅ የሚጠቅመው ማነጻጸሩ ነው፦ ሁለቱን ፎልደሮች አስተያይቶ በሚለያዩት ፋይሎች ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ከተፈለገም በመጠንና በቀን ሳይወሰን ይዘታቸውን ይመረምራል። አቅሙ በደከመ ኮምፒውተርም ያለችግር ይሠራል።

መረጃን በኢንተርኔት ማከማቻ ማኖር ይህን ሁሉ ያስቀራል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ይሁንና በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራውን የሚያስቀጥለው በእጅ ያለውና በሚገባ የተደራጀው ቅጂ ነው።

መሣሪያው ብቻውን ግን ሥርዓት አያመጣም፤ ስያሜም ደንብ ይፈልጋል። በወለጋ የሚሠራ ጥናት በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ እንዲሁም በሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፋል። አንዷ ከተማ «ነቀምቴ»፣ «ነቀምት» እና «ለቀምት» ተብላ ስትመዘገብ ፋይሎቿ በዝርዝሩ ውስጥ ይበታተናሉ። «ዓመት» እና «አመት»ም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። በተጨማሪም በተለመደው የሊኑክስ አሠራር የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ ከ85 ፊደላት ማለፍ አይችልም። ስለዚህ የጥናቱን ርእስ በሙሉ የፋይል ስም ከማድረግ ይልቅ ቀንን፣ ቦታንና የቅጂ ቁጥርን በአንድ ቅደም ተከተል መጻፍ ይመረጣል። ቀኑ በኢትዮጵያ ወይም በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑም አስቀድሞ ይወሰን።

የመሣሪያው ድክመትም መታወቅ አለበት። በኤፍ 8 የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያው አይገባም፤ ማረጋገጫውን ሳያነብ የተስማማ ሰው ሥራውን ያጣል። የግዕዝ ፊደል ባልተጫነበት ኮምፒውተር ደግሞ ስሞቹ ባዶ ሳጥን ሆነው ይታያሉ። በመሆኑም ልምምዱ በዋናው መረጃ ሳይሆን በቅጂው መጀመር ይኖርበታል።

የድኅረ ምረቃ ክፍሎች በምርምር ዘዴ ትምህርት ውስጥ ለዚህ አንድ የተግባር ክፍለ ጊዜ ቢመድቡ ብዙ ወጪ አይጠይቃቸውም። አማካሪዎችም ተማሪው ከመስክ ሲመለስ ከመጀመሪያው ትንተና በፊት ሁለተኛውን ቅጂ እንዲያሳይና ከዋናው ጋር እንዲያነጻጽር ሊጠይቁት ይገባል። የጠፋን ቃለ መጠይቅ ለመድገም አኖ ድረስ መመለስ ይቻል ይሆናል፤ የተናገሩትን አረጋዊ ግን በሕይወት ማግኘት ላይቻል ይችላል።