ክብደት ሙያ አይደለም፦ ስለ ሸክላና ብረት ካማዶ
ካማዶ፣ ማለትም ስሙን ከጃፓን የጥንት ማብሰያ ምድጃ የወሰደው፣ ክዳን ያለውና እንቁላል የሚመስለው የከሰል መጥበሻ፣ ከሸክላ ካልተሠራ እውነተኛ አይደለም የሚለው በኅትመት የቀረበ አስተያየት፣ ሙቀትን ማከማቸትንና ሙቀት እንዳያመልጥ መከላከልን እንደ አንድ ነገር ስለሚቆጥር ከመሠረቱ ይስታል። በ110 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለሰዓታት በዝግታ የሚበስለውን ሥጋ የሚያሳካው የግድግዳው ክብደት ሳይሆን ከታች ባለው ማስገቢያና ከላይ ባለው ማስወጫ የሚወሰነው የአየር መጠን ነው፤ ክዳኑ በሚገባ እስከገጠመ ድረስ፣ በሁለት የብረት ንብርብሮች መካከል አየር የታፈነበት ካማዶም ይህንኑ ያደርጋል። እንዲያውም ፍሙ ከቁጥጥር ወጥቶ ሙቀቱ 180 ዲግሪ ከደረሰ፣ የሸክላው ግድግዳ የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚመልስ፣ ቀዳዳዎቹ ቢጠብቡም ቶሎ አይበርድም፤ አስተያየቱ ይህን ጉድለት በዝምታ አልፎታል።

ብረቱም ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም፤ የኢናሜል ቅቡ በተላጠበት ቦታ ዝገት ይጀምረዋል፣ ለዳቦና ለፒዛም ከላይ ሙቀት የሚያወርደው ወፍራሙ የሸክላ ጣራ ይመረጣል። ይሁን እንጂ ሸክላው ሲወድቅ ይሰነጠቃል፣ ትልልቁም ከ70 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን (ለጉልበተኛም ቢሆን ቀላል ሸክም አይደለም) ቦታ ለሚቀያይር ቤተሰብ አይመችም። በኢትዮጵያ ገበያ የሚታወቀው የላቀች ከሰል ምድጃ ደግሞ ውጩ ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ እውነተኛ የሚያሰኝ ሕግ ግን ማንም አላወጣለትም።