ሲዲ ለመገልበጥ የቱ ፕሮግራም ይሻለናል?

ላፕቶፑ ሁሉ የሲዲ ማስገቢያ ባጣበት በዛሬው ጊዜ ስለ ሲዲ መገልበጥ መጻፋችን ያስቃችሁ ይሆናል። ነገር ግን አብሮን የሚማር አንድ ወንድማችን ለመመረቂያ ጽሑፉ ከአያቱ አፍ የቀዳውን ተረት በስድስት ሲዲ ገልብጦ ዋናውን ከኮምፒውተሩ ደመሰሰ፤ በሳምንቱ ቢከፍታቸው ሁለቱ አልነበብ አሉት። አያቱም ዛሬ በሕይወት የሉም። ፕሮግራሙ «ተፈጽሟል» ብሎት ነበር፤ መጻፉን እንጂ የተጻፈው መነበቡን ግን አላረጋገጠለትም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ከፕሮግራም የሚፈለገው ዋናው ነገር ይኸው ነው፤ ጽፎ ሲጨርስ ሲዲውን መልሶ አንብቦ ከዋናው ጋር ማስተያየት። ኢምግበርንም ሆነ በሊኑክስ የሚሠራው ኬ-ስሪ-ቢ ይህን ያደርጋሉ፤ ዋጋም አይጠየቅባቸውም። (የኢምግበርን የ2013 እ.ኤ.አ. እትም መጫኛ ያልተጠየቀ ፕሮግራም አስከትሎ ስለ ወጣ «እሺ» ከማለት በፊት ማንበብ ነው።) የድሮ ዘፈን ከሲዲ ወደ ኮምፒውተር ለማውጣት ደግሞ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ እያንዳንዱን ክፍል ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስለሚያነብ፣ ቢዘገይም የታመነ ነው።

ታዲያ እንደ ኔሮ ያለውን በገንዘብ የሚሸጥ ፕሮግራም ተሰርቆ የተባዛውን እየለቀምን ከነቫይረሱ ማስገባታችን ስለ ምንድን ነው? አንድ ሲዲ የሚይዘው 700 ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ይህን ለመሙላት ግዙፍ ፕሮግራም አያሻም። ማረጋገጡም ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ወንድማችን የቀሩለትን አራቱን ሲዲዎች በዚህ ዐይነት እንደ ገና ገልብጧቸዋል።